ከኃይለ ቃል እስከ ዋቢ
የአካዳሚያዊ ንባብና ጽሕፈት ትምህርት ታሪክና ስያሜዎቹ፤ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ በሁለት ስም ትታወቃለች። አንዱ አሰበ ተፈሪ ሲሆን ሌላው ጭሮ ነው። ይህ ሁለተኛው ስም በቁቤ ሲጻፍ የሚጀምረው እንግሊዞች «ሲ» በሚሉት ፊደል ነው፤ በአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ «ሲ» ብቻዋን ስትቆም የ«ጭ»ን ድምፅ ትወክላለችና። የ«ች» ድምፅ ግን በ«ሲ»ና በ«ኤች» ጥምረት ይጻፋል። በእንግሊዝኛ በተዘጋጁት ካርታዎች ላይ የከተማይቱ ስም የሚጀምረው በዚሁ ጥምረት ነው። እንግዲህ በከተማይቱ ተወልዶ ያደገ ተማሪ የራሱን አገር ስም በሁለት ዐይነት ሆሄያት ተጽፎ ሲያገኘው፣ አንዱን በቁቤ ሕግ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ልማድ ማንበብ ይጠበቅበታል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ወዳሰብነው ጉዳይ መግቢያ በር ይሆነናል።

ጉዳያችን በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሠለጥኑ ተማሪዎች አካዳሚያዊ ንባብና ጽሕፈት የሚማሩበት ሁኔታ ነው። የማስተማሪያ ዘዴው ራሱ በሌላ መድረክ ብዙ ተብሎበታል። እኛ የምንመለከተው ትምህርቱ ወደ አገራችን የመጣበትን ታሪክና ይዞት የመጣውን የቃላት ጓዝ ነው። ዛሬ በጭሮ የሚሠለጥነው እጩ መምህር ነገ በሚኤሶ፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ ክፍል ውስጥ ይቆማል። በዚያም «ፓራግራፍ»፣ «ቶፒክ ሴንተንስ»፣ «ፓራፍሬዝ» የሚሉትን ቃላት ለልጆች በልጆቹ ቋንቋ መፍታት ግድ ይሆንበታል። የሚፈታበት ቃል ከሌለው ቃሉን እንዳለ ያስሸመድዳቸዋል።

አሰበ ተፈሪን ለጨርጨር አስተዳደር መቀመጫነት በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸው ለስያሜ ሥራ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። በሩስያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውንም ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። የተውኔታቸው ስም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። «ፋቡላ»ም «ኮሜዲያ»ም ለጊዜው ታዳሚ እንግዳ ቃላት ነበሩ። ከሁለቱ «ኮሜዲ» በአማርኛ ውስጥ ሥር ሰድዶ ሲቀር፣ «ፋቡላ» ግን «ተረት» የሚል የቆየ ባለ ርስት ስለ ነበረበት ቦታ ሳያገኝ ቀረ። ለሕገ መንግሥቱ ሲሆን ደግሞ ሁለት የግእዝ ቃላት ተናበው ስያሜ ሆኑ። በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ የስያሜ ሁለቱ ጐዳናዎች፣ ውሰትና ከነባር ቃላት ማዋቀር፣ ጐን ለጐን ታይተዋል ማለት ነው። ከእርሳቸው በኋላ በእንግሊዝኛ ትምህርት ረገድ የታየው ግን በአብዛኛው አንደኛው ጐዳና ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን በአካባቢው የነበረው የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰውና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ሚኤሶን አቋርጦ ሲያልፍ ፈረንሳይኛን ይዞ ነበር ያለፈው። «ለገሃር» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የበላይነቱን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። በሐረርጌም የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ተቋቁሞ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ጀመረ። ኦክላሆማ ስንል በስቲልዋተር ከተማ ያለውን የእርሻና መካኒክ ኮሌጅ ማለታችን ነው፤ በዚያ ግዛት ሌላም ዩኒቨርሲቲ አለና አንባቢ እንዳይሳሳት። ከአሜሪካውያኑ ጋር «ፍሬሽማን» እና «ሶፎሞር» የሚሉት የተማሪ ደረጃ ስሞች መጡ። «ሶፎሞር» በግሪክኛ ሥሩ «ጠቢብ» እና «ሞኝ» የሚሉ ሁለት ቃላትን እንዳጣመረ ይነገራል። ቃሉ በተማሪው አፍ ሲመላለስ ትርጉሙን የጠየቀ ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን የተሰጡት «ኮሌጅ ኢንግሊሽ» እና «ሶፎሞር ኢንግሊሽ» የተባሉ ትምህርቶች አካዳሚያዊ ንባብና ጽሕፈት በአገራችን ቅርጽ የያዘባቸው ናቸው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ተማሪው አንቀጽ እንዴት እንደሚዋቀር፣ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጽሑፍ እንዴት በፍጥነት እንደሚነበብ የተማረው በነዚህ ነው። የመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር የአንደኛ ዓመት የፍሬሽማን መርሐ ግብር ቀረ፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክሂልን ከጋራ ትምህርቶች አንዱ አድርጎ ነበር። የመምህርነት ሥልጠናውም እንዲሁ ተለዋውጧል። በ2003 ዓ.ም. ግድም የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ሲጀመር፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚታጨው ሰው አስቀድሞ በቋንቋው ተመርቆ የማስተማር ሙያን ለብቻ የሚማር ሆነ። እነዚህ ሁሉ ለውጦች የጊዜና የክፍፍል ለውጦች ነበሩ። ከአንዱ መርሐ ግብር ወደ ሌላው ሲታለፍ «ቶፒክ ሴንተንስ» ያው «ቶፒክ ሴንተንስ» ሆኖ አለፈ።

የችግሩ ሥር ከዩኒቨርሲቲ በፊት እንደሚጀምር ከታወቀ ቆይቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. ጆን ስቶዳርት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛን አጠቃቀም መርምረው ያቀረቡት ጥናት፣ ቋንቋው ለዕውቀት መተላለፊያ ከመሆን ይልቅ መሰናክል ወደ መሆን ማዘንበሉን አመልክቷል። በጥናቱ ላይ ብዙ ውይይት ተደርጓል። የተወያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት፣ ስለ መጽሐፍና ስለ መምህራን ችሎታ ነበር። ተማሪው በእንግሊዝኛ ከሚማረው የንባብና የጽሕፈት ጥበብ ውስጥ የትኛውን በራሱ ቋንቋ ስም ጠርቶ ያውቀዋል የሚለው ጥያቄ ወደ ጐን ቀረ። በ1964 ዓ.ም. በአማርኛ መርሐ ልሳንነት ተቋቁሞ ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ደክሞ ያዘጋጀው፣ በ1989 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላትም ከስሙ እንደሚታየው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የቆመ ነው። ለሞተርና ለሞለኪውል አቻ ሲፈለግ፣ ስለ ሞተርና ስለ ሞለኪውል የሚጻፈው ጽሑፍ ራሱ የተዋቀረባቸው ክፍሎች በዚያ ሥራ ወሰን ውስጥ አልነበሩም።

እስቲ ወደ ቃላቱ እንግባ።

«ንባብ» ከሚለው እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ይሻገራል። ቃላቱም በአነባበባቸው ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብለው ይለያሉ። እንዲህ የበለጸገ የንባብ ስያሜ ያለው ባህል ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ስያሜዎቹ በሙሉ የድምፅ ናቸው፤ ጮኾ ለሚያነብና ጆሮ ለሚሰማው የተበጁ። ባንድ ምሽት ሠላሳ ገጽ በዐይኑ ብቻ አልፎ የሚፈልገውን ነጥሎ የሚያወጣ አንባቢ በዚያ ሥርዓት ስም አልወጣለትም፤ መጽሐፉ ጥቂት፣ ጊዜው ብዙ ነበርና አላስፈለገምም። ስለዚህ «ስኪሚንግ» እና «ስካኒንግ» የተባሉት ሁለቱ የዝምታ ንባቦች ሲመጡ ባዶ ቤት አገኙ። የመጀመሪያውን «ገረፍ ንባብ» ማለት ይቻላል። ለሁለተኛው «አሰሳ» ከሚለው ይልቅ እኛ «ለቀማ ንባብ» ብንለው እንወዳለን። ምክንያቱን የጨርጨር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ቡና ለቃሚ ዛፉን ሁሉ እያየ እጁን የሚሰድደው ወደ በሰለው ፍሬ ብቻ ነው።

«ድርሰት» ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት፤ ባዶ ቤት ሳይሆን የተጨናነቀ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያን ድርሰት ሲባል የያሬድን ዜማና የሊቃውንትን የጸሎት መጻሕፍት ያስታውሳል። በዘመናዊው አነጋገር ደግሞ ደራሲ ማለት ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። በትምህርት ቤት «ድርሰት ጻፉ» የተባለው ልጅ ወይ ያምራል፣ ወይ ይፈጥራል፣ ወይ በምሳሌያዊ አነጋገር ጀምሮ በምርቃት ይጨርሳል። ይኸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ኤሴይ» ጻፍ ይባላል፤ እርሱም በልቡ «ድርሰት» ብሎ ይተረጕመዋል። መምህሩ ማስረጃ ሲጠብቅ ተማሪው ውበት ያቀርባል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የችሎታ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይመስለንም፤ የስያሜም ጭምር ነው። እንዲህ ላለው ጽሑፍ «ሐተታ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይቀርባል።

«አንቀጽ» በግእዝ በር ማለት ነው። በሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ የግስን እርባታ ለመሰየም ዋለና ዐቢይ አንቀጽ፣ ንኡስ አንቀጽ ተባለ። በሕግ ሰዎች ዘንድ የድንጋጌ መለያ ሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ የተከፋፈለ ነው። በመጨረሻ የ«ፓራግራፍ» አቻ ሆኖ በትምህርት ቤት ገባ። የብራና ጸሐፊዎቻችን የመስመር መጀመሪያን ገባ አድርጎ መጻፍ አልለመዱም፤ የነገር ክፍል ሲያልቅ በነጥቦች ምልክት ይዘጉ፣ አዲሱን በቀይ ቀለም ይከፍቱ ነበር። ስለዚህ አንቀጽ ለተማሪው የሚታይ ነገር እንጂ የሚታሰብ ነገር ሳይሆን ቀረ። መስመር ገባ ካለ አንቀጽ ነው፣ ብሎ ያምናል። የቃሉ የመጀመሪያ ፍች ግን ለመምህሩ መልካም መሣሪያ ነበር። በር አንድ ቤት ያስገባል፤ በአንድ በር ሁለት ቤት አይገባም።

አሁን «ቶፒክ ሴንተንስ» ወደ ተባለው እንምጣ። የአማርኛ ትምህርት መጻሕፍት «ኃይለ ቃል» ይሉታል፤ ይህም እስካሁን ካየናቸው ሁሉ የተሳካ ምርጫ ነው ብለን እናምናለን። ቃሉ የመጣው ከትርጓሜ ቤት ነው። የመጽሐፍ መምህር አስቀድሞ ንባቡን፣ ማለትም የሚተረጐመውን ቃል፣ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ይፈታዋል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ያበዛዋል፤ በሐተታ ያሰፋዋል። ራስ የሆነው ሐሳብ ቀድሞ፣ ማብራሪያው ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በክርስቲያን ትምህርት ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ገለምሶን በመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ባለባቸው የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችም ደረሳው መጽሐፍ ሲቀራ «መትን»ና «ሸርሕ» የሚባሉትን ለይቶ ያውቃል። መትን ዋናው ቃል ነው፤ ሸርሕ ማብራሪያው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መምህር «ዋናውን ሐሳብ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከዚያ አስፉት» ሲል ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የተናገረ ይመስለዋል እንጂ፣ የተማሪዎቹ አያቶች በሁለት ሃይማኖት ትምህርት ቤት በሁለት ስም ሲሠሩበት ኖረዋል።

ልዩነቱ መሸፈን የለበትም። በትርጓሜ ቤት ኃይለ ቃሉ፣ በመድረሳም መትኑ፣ የሌላ ሰው ነው፤ የተቀበሉት ነው፤ ተማሪው ያብራራዋል እንጂ አያስረዳለትም። በአካዳሚያዊ ጽሑፍ ግን ኃይለ ቃሉ የጸሐፊው የራሱ ነው፤ ሊሞገትም ይችላል። እጩ መምህሩ ይህን አንድ ልዩነት ከተረዳ ቀሪውን ከባህሉ ያገኘዋል።

ስለ ሙግት ካነሣን «ዋቢ»ን መዝለል አይቻልም። «ዋቢ መጻሕፍት» የሚለው ስያሜ ዛሬ በየጥናቱ መጨረሻ ስለሚታይ ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ዋቢ በቀድሞው ችሎት ለተሟጋች የሚቆምለት፣ የነገሩን እውነት የሚያጸናለት ሰው ነበር። ዋስ ዋቢ የሌለው ሰው በዳኛ ፊት ብቻውን የቆመ ነው። በእስልምናው ትምህርት ደግሞ የሐዲስ አስተላላፊዎች ስም በተርታ የሚጠራበት «ኢስናድ» አለ፤ ነገሩን ከማን ሰማህ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን። የጭሮ እጩ መምህር ምንጭ መጥቀስን የነጥብና የነጠላ ሰረዝ ደንብ አድርጎ ከመማሩ በፊት ዋቢ መጥራት መሆኑን ቢያውቅ፣ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይጠቅስ የመውሰድ ጉዳይ ራሱ በሌላ ዐይን ይታየዋል። የሌላውን ቃል የራስ አስመስሎ ማቅረብ በቅኔ ቤት ዘንድ ነውር መሆኑ የታወቀ ነው፤ የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ መቍጠር ይጠበቅበታል። በሌላ በኩል ንባብ ቤቱና የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ቃል በቃል መያዝን ያስከብራሉ። ተማሪው ሁለቱንም ልማዶች ወርሶ ይመጣል፤ የትኛው የት እንደሚሠራ ግን አልተነገረውም።

እስካሁን በአማርኛ በኩል ተናገርን፤ በጭሮ ግን የአብዛኛው እጩ መምህር አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ ነው። በዚህ ቋንቋ ማንበብ «ዱቢሱ» ይባላል። ቃሉ «ዱቢ»፣ ማለትም ነገር ወይም ንግግር፣ ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ሰውን ማነጋገር የሚል ፍችም አለው። ጽሑፍን ማንበብ ጽሑፍን ማነጋገር ነው እንደ ማለት ነው። የአካዳሚያዊ ንባብ መምህራን «ከጽሑፉ ጋር ተነጋገሩ፣ ጠይቁት» እያሉ በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ቃሉ በራሱ ይዞታል። አንቀጽን «ኬያታ»፣ ዐረፍተ ነገርን «ሂማ» የሚሉ ስያሜዎች በመማሪያ መጻሕፍት ጸንተዋል።

የዚህ ቋንቋ የጽሕፈት ታሪክ ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ፊደል ለውጧል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ አፋን ኦሮሞ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ተመረጠ። በዚህ ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ አባት በግእዝ ፊደል፣ ልጅ በላቲን ፊደል የሚያነቡበት ጊዜ መጣ። ቁቤ ለልጁ የእንግሊዝኛውን ፊደል ገና በጠዋቱ አስተዋወቀው፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ያስተዋወቀው በሌላ ድምፅ ነው። በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል «ጥ» ነው፤ «ኪው» «ቅ» ነው፤ «ፒ»ና «ኤች» ሲጣመሩ «ጵ» ይሆናሉ፣ በእንግሊዝኛ ግን «ፍ» ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ቁቤ እንደ ተጻፈ የሚነበብ መሆኑ ነው። እንደ ተጻፈ በማይነበብ ቋንቋ ላይ ሲደርስ ልጁ ዐይኑን ማመን ያቆማል፤ ንባቡም ይዘገያል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገረፍ አድርጎ ማንበብ የሚያቅተው ተማሪ ችግሩ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው እዚህ፣ በፊደል ደጃፍ ላይ ነው። እንግሊዝኛ መምህር ሊሆን የሚሠለጥን ሰው ይህን ካላወቀ ስለ ሌላው ክሂል መናገሩ ብዙ አይረባም።

ዛሬ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ራሱን ችሎ ኦዳ ቡልቱም ተባለ። ስሙ የተወሰደው በምዕራብ ሐረርጌ ከሚገኘው የገዳ ሸንጎ መሰብሰቢያ ነው። በኦዳው ጥላ ሥር ሕግ ይወጣ፣ ይሻሻል፣ ይታወጅ ነበር፤ ሁሉም በቃል። ተናጋሪው ቀድሞ የተባለውን ያስታውሳል፣ በእርሱ ላይ የራሱን ይጨምራል፣ ይመክታል፣ ይስማማል። ይህ የአካዳሚያዊ ጽሑፍ አካሄድ ካልሆነ ምን ሊሆን እንደሚችል አናውቅም። የጐደለው ወረቀቱ ነው።

የተማሪው ሐሳብ ምን እንደ ሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገልጸው «ቲሲስ ስቴትመንት» የተባለው ነገር ግን እስካሁን የረጋ ስም የለውም። አንዳንዶች «ጭብጥ» ይሉታል። ጭብጥ በእጅ የተያዘ፣ የተጨበጠ ማለት ነው፤ በሥነ ጽሑፍ የሥራውን ማዕከላዊ ሐሳብ፣ በችሎት ደግሞ ዳኛው ሊወስንበት የያዘውን ነጥብ ያመለክታል። እኛ ግን ይህን ምርጫ ለመቀበል እንቸገራለን። የችሎቱ ጭብጥ ጥያቄው ነው፤ ተሟጋቹ የሚቆምበት መልስ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም «አቋም» ነው። ስለዚህ «የአቋም ዐረፍተ ነገር» ብንል ይሻላል። ለጭሮ ክፍል የሚሆን ምሳሌ ብንሰጥ፣ «ጫት በጨርጨር የቡናን መሬት መያዙ» ጭብጥ ነው፤ ማንም አይሞግትበትም፣ ማንም አይረታበትም። «ጫት ቡናን የተካው ገበሬው ቡናን ስለ ጠላ ሳይሆን፣ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቈርጦ ስለሚሸጥ ነው» ያለ ተማሪ ግን አቋም ይዟል። ቀጥሎ ዋቢ መጥራት ይኖርበታል።